እንባ የሚመዘንበት መድረክ፦ ስለ አንድ የቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር

ይህ አስተያየት መሀል አዲስ አበባ፣ ከለገሃር ብዙም በማይርቅ አዳራሽ እየተቀረፀ ቅዳሜና እሑድ በቴሌቪዥን የሚተላለፍ አንድ የድምፅ ውድድርን ይመለከታል። የዝግጅቱን ስም አልጠቅስም፤ የምጽፈው የእህቴን ልጅ ይዤ ስመላለስ ያየሁትንና የሰማሁትን ስለሆነ፣ እርሷም ሆነች አብረዋት የተወዳደሩት ወጣቶች ከዚህ በላይ መነጋገሪያ እንዲሆኑ አልፈልግም። ዝግጅቱን የማየው እንደ ተመልካች ብቻ ሳይሆን እንደ ተወዳዳሪ ቤተሰብና ድምፅ በማሠልጠን ሥራ ላይ ዕድሜውን እንዳሳለፈ ሰው ነው፤ ስለዚህ ስለ ሙዚቃውም ስለ ሰው አያያዙም የምለው አለኝ። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ ሙዚቃው የሚያስመሰግን ነው፤ የሰው አያያዙ ግን አሳፋሪ ነው። ወጣቶቹ የሚመረጡትና ለሕዝብ የሚቀርቡት ታሪካቸው ሆድ በሚያስብስበት መጠን ሲሆን፣ ያ ታሪክ ከአፋቸው የሚወጣበት መንገድም ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ነው።

ሊመሰገን የሚገባውን ላስቀድም። ባንዱ በቀጥታ ይጫወታል፤ በተቀዳ ሙዚቃ ላይ ማዘፈን በተለመደበት በዚህ ጊዜ ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ኪቦርድ የሚጫወተው የባንዱ መሪ እያንዳንዱን ተወዳዳሪ ከልምምድ በፊት ለብቻው ጠርቶ ድምፁ የት ድረስ እንደሚወጣና እንደሚወርድ ይፈትሻል፤ የእህቴ ልጅ ያዘጋጀችው የአምባሰል ዜማ ከፍ ብሎባት ሲያገኘው ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ፣ «አሁን ሳትጨነቂ ትደርሽበታለሽ» ብሎ ደጋግሞ አብሯት ተጫወተ። ማሲንቆ ተጫዋቹም መግቢያውን አርዝሞ ትንፋሿን የምትሰበስብበት ጊዜ ሰጣት። ከዳኞቹ አንዱ፣ በዕድሜ የገፉት ሙዚቀኛ፣ አስተያየታቸው እውነተኛ ትምህርት ነው፤ ትንፋሽ የትኛው ቃል ላይ እንደተቆረጠ፣ የትኛው እርግብግቢት ያለ ቦታው እንደገባ፣ አምባሰሉ የት ላይ ወደ ሌላው ቅኝት ወደ አንቺሆዬ እንዳዘነበለ ለይተው ይነግሯቸዋል። የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ በስርጭቱ ላይ ሲደርስ ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር ማጠሩ ነው። ከክልል ለመጡ ተወዳዳሪዎች ማደሪያና መጓጓዣ ይሰጣል። ጥበቃው ረጅም፣ ምግቡም አልፎ አልፎ የሚዘገይ ቢሆንም፣ ይህ የቀረፃ ሥራ ባሕርይ ስለሆነ ብዙ አልወቅሰውም።

ነገሩ የሚበላሸው ከምዝገባው ቅጽ ጀምሮ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻና የሚቀርበው ዜማ ከተሞላ በኋላ ያለው ገጽ በሙሉ ለአንድ ጥያቄ ተትቷል፦ «በሕይወትዎ ያጋጠመዎት ከባድ ፈተና ምንድን ነው?» ከሥሩ የወላጅ ሞት፣ ሕመም፣ ስደት፣ የቤተሰብ መለያየት የሚሉ ምልክት የሚደረግባቸው ሳጥኖች ተደርድረዋል። በቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ተወዳዳሪው ከመንገድ መጥቶ በቀጥታ ዳኞች ፊት የቆመ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የዚህ ዓይነት ትልልቅ ውድድሮች በየትም አገር ከዳኞቹ በፊት በዝግጅቱ ሠራተኞች የሚካሄድ ቅድመ ማጣሪያ አላቸው፣ እዚህም እንደዚያው ነው። የእህቴ ልጅ አንድ አንጓ እንዳዜመች «በቂ ነው» ተባለች፤ ስለ አባቷ ሞት የተጠየቀችበት ጊዜ ግን ዜማው ከወሰደው ጊዜ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከእርሷ ቀጥሎ የገባው ወጣት በዕለቱ ከሰማኋቸው ሁሉ የጠራ ድምፅ ነበረው። ወላጆቹ በሕይወት አሉ፣ ተምሯል፣ ሥራም አለው። በሩ ክፍት ስለነበር «እስኪ አስብ፤ በልጅነትህ ያጣኸው ነገር የለም?» እያሉ ደጋግመው ሲጠይቁት ይሰማን ነበር። የለም አለ። ለሚቀጥለው ዙር አለፈ፣ በስርጭቱ ላይ ግን ከሌሎች ጋር ተቆራርጦ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ታየ፤ ስሙም አልተጻፈም። ሕዝቡ በአጭር የስልክ መልእክት ድምፅ በሚሰጥበት ውድድር ውስጥ ስሙ ያልተጻፈ ተወዳዳሪ ማን ይመርጠዋል?

ዋናው ሥራ የሚሠራው ከመድረኩ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ወደ መድረክ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ወደዚያች ክፍል ይጠራል። አንድ ወንበር፣ ሁለት መብራት፣ አንድ ካሜራ አለ፤ ሶፍት ደግሞ ካሜራው በማያየው ቦታ ተቀምጧል። ቃለ መጠይቁን የምታደርገው ወጣት አንደበቷ ለስላሳ ነው፤ ጎንበስ ብላ እጅ ትይዛለች፣ ክፉ ሰውም አልመሰለችኝም። «የኔ እናት፣ እኔን ብቻ እያየሽ ንገሪኝ፤ ካሜራውን እርሺው» አለቻት። የእህቴ ልጅ ስለ አባቷ በረጋ ድምፅ ተናገረች፤ ሐዘኑ ዓመታት ያለፉት ስለሆነ እንዴት እንደምትይዘው ታውቃለች። ስትጨርስ ወጣቷ ወደ ካሜራ ባለሙያው ዞር ብላ አየችና፣ «በጣም ጥሩ ነው፤ ግን አንዴ እንድገመው። ‹አባቴ የሞተ ቀን› ብለሽ ጀምሪልኝ፤ የእኔ ጥያቄ ስለሚቆረጥ ሙሉ አድርገሽ ተናገሪው» አለቻት። ደገመችው። ቀጥሎ፣ «አሁን በሕይወት ኖሮ እዚህ ቢያይሽ ምን ይልሽ ነበር?» ስትባል ሆዷ ባሳት። ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ፊቷ ተጠጋ። ማንም አልተናገረም፣ ማንም ሶፍቱን አላነሣም። እኔ ልነሣ ስል አስተባባሪው ክንዴን ያዝ አድርጎ «እትዬ፣ ትንሽ ይታገሡን» አለኝ።

እነዚህን ጥቃቅን ነገሮች በዝርዝር የምጽፈው እያንዳንዳቸው ሥራ ስላላቸው ነው። መልሱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዲሆን የሚፈለገው ጠያቂዋ ከምስሉ እንድትጠፋ ነው፤ እርሷ ስትጠፋ ተመልካቹ ልጅቱ ማንም ሳይጠይቃት ገመናዋን አደባባይ ያወጣች ይመስለዋል። ዝምታውም የታሰበበት ነው፤ ሰው ፊት ለፊቱ ያለው ሰው ዝም ሲለው ዝምታውን ለመሙላት ሲል ሊናገር ያላሰበውን ይናገራል፣ ወይም ያለቅሳል። የሞተ ሰው ቢኖር ምን ይል እንደነበር የሚጠይቀው ጥያቄም ስለ ሙዚቃ የሚነግረን ነገር የለውም፤ ጥቅሙ ማስለቀሱ ብቻ ነው።

እንባዋ ሳይደርቅ «ጎበዝ፣ አሁን ቀጥታ ወደ መድረክ» ተባለች። እዚህ ላይ እንደ ድምፅ አሠልጣኝ የምናገረው ነገር አለ። ሰው ሲያለቅስ በማንቁርት ዙሪያ ያሉ ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፣ ጉሮሮ ይታነቃል፣ ከሆድ መውጣት የሚገባው ትንፋሽ ደረት ላይ ቀርቶ ያጥራል፣ አፍንጫም ይደፈናል። ይህ ሁኔታ እንባው ከቆመ በኋላም ወዲያው አይለቅም። አምባሰል ደግሞ ረጅም ትንፋሽና የላላ ጉሮሮ የሚጠይቅ፣ ድምፅ በአንድ ቃል ላይ ብዙ የሚመላለስበት ቅኝት ነው። በልምምድ ላይ ያለ ችግር ያለፈችበት ከፍታ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። አዛውንቱ ዳኛ ይህን ሰምተው በሐቅ ነገሯት፤ ከጀርባ ምን እንደተደረገ ግን የነገራቸው አልነበረም። ስለዚህ የሙዚቃ ውድድር ነኝ የሚለው ዝግጅት ሊመዝነው የጠራውን ድምፅ ከመመዘኑ በፊት በገዛ እጁ ሰበረው ማለት ነው፤ በስርጭቱም ላይ ያች የተሰነጠቀች ድምፅ ብቻ ተመርጣ፣ ከሥሯ የዋሽንት ድምፅ ተጨምሮባት፣ የዝግጅቱ ማስተዋወቂያ ሆነች።

በእኛ ባህል ሰውን ማስለቀስ በራሱ ነውር አይደለም። በለቅሶ ቤት አስለቃሿ የሟችን ስምና ሙያ እየጠራች፣ ግጥም እየደረደረች ሐዘንተኛውን ታስለቅሳለች፤ ያልወጣ እንባ ውስጥ ገብቶ ይጎዳል ተብሎ ይታመናልና። ነገር ግን በዚያ ድንኳን ውስጥ ዕድርተኛው አለ፣ ጎረቤት አለ፣ አብሮ የሚያድር ዘመድ አለ፣ «በቃ፣ እግዜር ያጽናሽ» ብሎ ቀና የሚያደርግ ሽማግሌ አለ። እንባው የሚፈሰው ለሐዘንተኛዋ ጥቅም ነው፣ ከፈሰሰም በኋላ ሰው አይለያትም። በዚህ ውድድር ላይ ግን የእህቴ ልጅ ከቀረፃው በኋላ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ካለፈ፣ ታክሲ ተጠርቶላት ወደ ቤቷ ሄደች፤ በማግሥቱም ሆነ ከዚያ በኋላ ደውሎ እንዴት እንዳደረች የጠየቀ የዝግጅቱ ሰው የለም። እንደገና የተደወለላት ለሚቀጥለው ቀረፃ ቀን ለመቁረጥ ነው።

የሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ዕጣም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። አንዱ ወጣት በልጅነቱ ፒያሳ ሊስትሮ ነበር፤ አሁን በማተሚያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል፣ ከደመወዙም እናቱን ይረዳል። የሕይወት ታሪኩን ሲቀርፁ የሊስትሮ ሳጥን ተውሰው አመጡና አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ አስቀምጠውት የአንዱን አስተባባሪ ጫማ አስጠረጉት። በስርጭቱ ላይ ሥራው ዛሬም ያው የሆነ መስሎ ቀረበ። ልጁ «የሥራ ባልደረቦቼ ሲያዩኝ ውሸታም እሆናለሁ» ብሎ አስቀድሞ ነግሯቸዋል፤ የተሰጠው መልስ «ሕዝቡ እንዲወድህ ብለን እኮ ነው» የሚል ነበር። ሊስትሮነት የሚያሳፍር ሥራ አይደለም፣ ልጁም አላፈረበትም። ያሳፈረው በላቡ ያለፈውን ድህነት መልሶ እንዲለብስ መደረጉ ነው። አንዲት ሌላ ተወዳዳሪ ደግሞ መሰናበቷ በተነገረበት ቅጽበት መብራቱ አልተስተካከለም ተብሎ ውጤቱ ዳግመኛ ተነገረ፤ ልጅቱ በዚያች ምሽት ሁለት ጊዜ ተሰናበተች፣ በሁለተኛውም ጊዜ እንደ መጀመሪያው እንድትደነግጥ ተነግሯታል።

ስለ አዳራሹ ጥቂት ልጨምር። ቀረፃው ከመጀመሩ በፊት ተመልካቹን የሚያሟሙቅ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ማጨብጨብን፣ ብድግ ማለትን፣ መገረምንና ማዘንን ያለማምዳል፤ በዚህ ጊዜ ካሜራዎቹ እየቀዱ ነው። በኋላ በስርጭቱ ላይ የምናየው የተመልካች ፊት በከፊል ከዚህ የተወሰደ ነው። የዳኞቹም ፊት እንዲሁ ከቦታው ይዛወራል። የእህቴ ልጅ ስታዜም ከዳኞቹ አንዷ ዓይኗን ስትጠርግ ትታያለች፤ እኔ ግን በአዳራሹ ውስጥ ስለነበርሁ ያ እንባ የፈሰሰው ቀደም ብሎ ሌላ ተወዳዳሪ ሲያዜም እንደነበረ አውቃለሁ። ማስረጃውም በስርጭቱ ውስጥ አለ፤ ዳኛዋ ስታለቅስ ነጠላ ደርባለች፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ለእህቴ ልጅ አስተያየት ስትሰጥ ነጠላው የለም፤ በእረፍት ሰዓት አውልቃው ነበርና።

ከዚያም የእህቴ መምጣት አለ። ልጅቱ ሳታውቅ እናቷን ከደሴ አስጠርተው፣ ከጠዋት ጀምሮ በሌላ ክፍል አስቀምጠዋት ኖሯል፤ ለእኔ የተነገረኝ እዚያ ከደረስሁ በኋላ ነው። እህቴ የስኳር ሕመም አለባት፤ ምግብ በሰዓቱ እንዲቀርብላት የጠየቅሁትም እኔ ነኝ። የባሏን ፎቶግራፍ በፍሬም አድርገው አስያዟትና ዜማው እንዳለቀ ወደ መድረክ አስገቧት። እናትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ አዳራሹም አለቀሰ፤ እኔም አለቀስሁ። የሁለቱ ናፍቆት እውነተኛ ነው፣ ማንም አልፈጠረውም፤ ግን እናትና ልጅ በቤታቸው፣ በራቸውን ዘግተው ሊገናኙ የሚገባቸውን መገናኘት ሌላ ሰው ሰዓቱን ወስኖ፣ አቋቋሙን አስተካክሎ፣ ከስፖንሰር ማስታወቂያ በፊት እንዲውል አደረገው። እህቴ ከመድረክ ስትወርድ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ፎቶው የት ሄደ?» የሚል ነበር። ለሌላ ቀረፃ ይፈለጋል ተብሎ ተወስዶ ኖሮ ከብዙ ልመና በኋላ ነው የተመለሰላት።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የደረሰው ምስሉ በሚቆራረጥበት ክፍል ውስጥ ነው። የእህቴ ልጅ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተናገረችው፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የሰማሁት፣ ይህ ነው፦ «አባቴ ከሞተ በኋላ ማንም አልነበረንም፤ አጎቴ ባይኖር ኖሮ ትምህርቴን አልጨርስም ነበር፤ እስከ መጨረሻው ያስተማረኝ እርሱ ነው።» የተላለፈው የመጀመሪያው ሐረግ ብቻ ነው። «ማንም አልነበረንም» ካለች በኋላ ሙዚቃ ገባ፣ የእናትና የልጅ አሮጌ ፎቶግራፍ ታየ፣ አጎቷ ከታሪኩ ተሰረዘ። የአባቷ ታናሽ ወንድም የሆነው ይህ ሰው ልጆቹን እያሳደገ፣ ከሚያገኘው ቀንሶ፣ የወንድሙን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ያደረሰ ሰው ነው። በዕድሩ ስብሰባ ላይ «የወንድምህ ልጅ ያለ ዘመድ ነው እንዴ ያደገችው?» ተብሎ በሰው ፊት ተጠየቀ። ቅር ብሎት ስልክ ማንሣት ተወ፣ በፋሲካም አልመጣም። ሽማግሌ ልከን፣ የተቆረጠውን ነገር አስረድተን፣ ነገሩ በከፊል ረገብ ብሏል፤ እርሱ ግን «አንቺ ብትነግሪኝ አምንሻለሁ፤ ዕድርተኛውን ማን ይነግርልኛል?» አለ። ለዚህ ጥያቄ እስካሁን መልስ የለኝም። ቅንጥቡ በዩቲዩብና በቲክቶክ «ዘመድ የካዳት ወጣት አዳራሹን በእንባ አራጨችው» በሚል ርዕስ እየተዘዋወረ ነው፤ ከሥሩም የማያውቁን ሰዎች ቤተሰቡን ይረግማሉ። አንድ ምሽት ለተላለፈ ስርጭት ከአሥር ዓመት በላይ የተደረገ ውለታ ተካደ። ልጅቱ ራሷ በዚህ የተነሣ ከማንም በላይ ታዝናለች፤ ከሳምንታት በኋላም ማንጎራጎር እንኳ አስጠልቷት ነበር።

ይህ አሠራር ከእኛ የመነጨ አይደለም። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2001 በእንግሊዝ ፖፕ አይዶል፣ በ2002 በአሜሪካ አሜሪካን አይዶል የተባሉት የድምፅ ውድድሮች ከተጀመሩ ወዲህ፣ የተወዳዳሪው መከራ ከዘፈኑ በፊት የሚተረክበት ቅርፅ በየአገሩ ተዛምቷል። በሚያዝያ 2009 ብሪቴይንስ ጎት ታለንት በተባለው የእንግሊዝ የተሰጥኦ ውድድር ላይ የቀረቡት ስኮትላንዳዊት ሱዛን ቦይል ከመዝፈናቸው በፊት ስለ ዕድሜያቸው ሲናገሩ በተመልካቹ መካከል የሚያላግጡ ፊቶች ተመርጠው ታዩ፤ ድምፃቸው ሲሰማ ደግሞ ያው አዳራሽ ቆሞ አጨበጨበ። ዓለም ሁሉ ያደነቀው ያ ቅጽበት የተሠራው ሴትየዋን አስቀድሞ ዝቅ በማድረግ ነው። ከሰባት ሳምንት ገደማ በኋላ በተደረገው የፍጻሜ ውድድር ሁለተኛ ወጡ፤ በማግሥቱም ከድካምና ከጭንቀት የተነሣ ወደ ሕክምና ተቋም ገቡ። በደቡብ ኮሪያ የፕሮዲዩስ 101 ተከታታይ ውድድር የሕዝብ ድምፅ ቆጠራ ተጭበርብሮ በመገኘቱ ዋና አዘጋጁ በ2020 የሁለት ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። እንግሊዞች በ2019 የአንድ ተሳታፊን ሞት ተከትሎ የሰዎች የቤተሰብ ጠብ በአደባባይ ይነሣበት የነበረው የጀረሚ ካይል የቴሌቪዥን ትዕይንት ከተቋረጠ በኋላ ነገሩን በሕግ ዓይን አዩት፤ የብሮድካስት ተቆጣጣሪያቸው ኦፍኮም ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ፣ ጣቢያዎች በዝግጅቱ ምክንያት ከባድ ጉዳት ሊደርስባቸው ለሚችል ተሳታፊዎች ደኅንነት ተገቢ ጥንቃቄ እንዲያደርጉና ሊያጋጥማቸው የሚችለውን አስቀድመው እንዲነግሯቸው ያስገድዳል።

እኛ ዘንድ ወጣቶቹ ይህን ሁሉ ለምን እንደሚሸከሙ ለመረዳት ሌሎቹ በሮች ምን እንደሆኑ ማሰብ ይበቃል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትርም ሆነ ብሔራዊ ቴአትር ድምፃውያንን ተቀብለው በሥራ ላይ ያሳድጉ ነበር፤ ጥላሁን ገሠሠ ወደ ክብር ዘበኛ ከመሄዱ በፊት ሀገር ፍቅር ነበር። በኋላ የካሴት አሳታሚዎች ያልታወቀ ድምፅ እየሞከሩ ያወጡ ነበር። የካሴት ገበያው ሞቷል፣ በቴአትር ቤቶቹ ያለው ቦታም ውስን ነው። ስለዚህ ከኢትዮጵያን አይዶል ዘመን ጀምሮ የቴሌቪዥን ውድድር ለማይታወቅ ድምፅ ዋናው መውጫ ሆኗል፤ ዳዊት ጽጌን የመሰለ ድምፃዊ በባላገሩ አይዶል አሸንፎ መውጣቱ በሩ እውነተኛ በር መሆኑን ያሳያል። ይህን ስለማምን ነው ውድድሮቹ ይቅሩ የማልለው። ግን መውጫው አንድ ብቻ ሲሆን በሩ ላይ የቆመው ሰው የሚጠይቀውን ሁሉ መስጠት ግድ ይሆናል፤ አስተባባሪው «ካልፈለግሽ ይቀራል» ሲል ልጅቱ የምትሰማው ውድድሩ እንደሚቀርባት ነው።

ስለ ውሉም መናገር አለብኝ። የእህቴ ልጅ እንድትፈርምበት የተሰጣት ወረቀት ወደ መድረክ ልትወጣ ስትዘጋጅ በፀጉር ሠሪዋ ወንበር ላይ እንዳለች የቀረበላት ነው፤ ምስሏን፣ ድምፅዋንና ታሪኳን ጣቢያው በፈለገው ጊዜና ቅርፅ አሳጥሮና አቀናብሮ እንዲጠቀም ያለ ጊዜ ገደብ ይፈቅዳል። ቅጂ አልተሰጣትም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 24 ክብርንና መልካም ስምን፣ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የጤና መረጃን የተለየ ጥበቃ ከሚገባው መረጃ ይመድባል። በችኮላና ሳይነበብ የተፈረመ ወረቀት ለእነዚህ ሁሉ መልስ ይሆናል ብዬ አላምንም። የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንም በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 የተሰጠውን ሥልጣን ይዞ፣ ለእንዲህ ዓይነት ዝግጅቶች ተሳታፊዎች ዝርዝር መመሪያ ቢያወጣ ጊዜው አሁን ነው።

ልጃቸውን ወይም ወንድም እህታቸውን ለማስመዝገብ ላሰቡ ሰዎች ይህን እላለሁ። ለሙዚቃው ከሆነ ይሂዱ፤ ባንዱና አዛውንቱ ዳኛ ብቻ እንኳ ብዙ ያስተምራሉ። ውሉን ግን ከቀረፃው ቀን በፊት ጠይቃችሁ ቤታችሁ አንብቡት፣ ቅጂውንም ያዙ። በቅጹ ላይ ያለውን የመከራ ገጽ ባዶ መተው ይቻላል፤ አንዲት ተወዳዳሪ ባዶ ትታው እስከ ሦስተኛው ዙር ደርሳለች። የሕይወት ታሪክ ቃለ መጠይቁ ከዜማው በኋላ እንዲሆን አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ ይህ ለድምፅም ለልብም ይበጃል። የቤተሰብ ፎቶግራፍ ዋናውን ሳይሆን ቅጂውን ስጡ። ከዘመድ መካከል ስሙ ሊነሣ የሚችል ሰው ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ እንዳይነሣ የሚፈልግ ከሆነም በጽሑፍ አስታውቁ። አብሯችሁ የሚሄደው ሰው በቃለ መጠይቁ ክፍል ውስጥ የመቀመጥ ፈቃድ ይኑረው፤ ልጅቱ ስታለቅስ ሶፍቱን የሚያነሣ ሰው ያስፈልጋታል።

ለአዘጋጆቹ ደግሞ ጥያቄያችን አንድ ነው። የእህቴ ልጅ ስለ አጎቷ የተናገረችበት ቀረፃ በእጃችሁ አለ። በዩቲዩብ ያለው ቅንጥብ ተነሥቶ ያች ዓረፍተ ነገር ባልተቆረጠችበት እንዲተካ፣ በሚቀጥለው ስርጭትም እንዲነገር በጽሑፍ አመልክተናል፤ ደብዳቤውን የተቀበለችው ጸሐፊ ማኅተም አድርጋ ቅጂውን መልሳልናለች። ይህን እስከምጽፍበት ዕለት ድረስ ምላሽ አልደረሰንም፤ ቅንጥቡም እንደነበረ አለ።